የሀበሻ ውሻ ወይስ «ክልስ»? ባሕር ዳር ላይ ቡችላ ለምትፈልጉ

ባሕር ዳር ላይ ውሻ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርቡለት ሁለት ናቸው። አንዱ ሰፈር ውስጥ የተወለደ የሀበሻ ውሻ ነው። በነጻ ይሰጣችኋል፤ እንዲያውም «እባካችሁ ውሰዱልኝ» ብሎ የሚለምን አይጠፋም። ሌላው ደላላ የሚያመጣው ክልስ ነው። አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው ይባላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሰቀላል። ለክልሱ የምትጨምሩት ብር እንግዲህ ለአባትየው የሚከፈል ነው። አባትየውን ግን ብዙ ጊዜ ያየው የለም።

ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቡኒ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ ከሆነ ደላላው «ጀርመን ነው» ይላችኋል። ይህ መልክ በሀበሻ ውሻም አለ። ረጅም ጸጉርም ማስረጃ አይሆንም። የጸጉር ርዝመትን በዋናነት የሚወስነው አንድ ዘረመል ነው። ጸጉራቸው አጭር የሆነ ወላጆች ሁለቱም ያንን ዘረመል ሳይታይባቸው ከያዙ፣ ጸጉረ ረጅም ቡችላ ሊወልዱ ይችላሉ። ሌላም አለ፤ አንዲት ውሻ በአንድ እርግዝና ከሁለት አባት መውለድ ትችላለች። ስለዚህ የወንድሙን ፎቶ አይታችሁ ብር አትቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ዶክተር ቪክቶሪያ ቮይትና ባልደረቦቻቸው ከመጠለያ የወጡ 20 ውሾችን መርምረው ነበር። መጠለያዎቹ በዓይን የገመቱትን ዘር ከዲኤንኤ ውጤት ጋር ሲያስተያዩት አብዛኛው ግምት አልገጠመም። ቀን ከሌት ከውሻ ጋር የሚውሉት ሰዎች ከሳቱ፣ ደላላ እንዴት ሊያውቅ ነው?

«ታዲያ በዲኤንኤ ይረጋገጥ» የሚል ይኖራል። ይቻላል። እንደ ኤምባርክና ዊዝደም ፓነል ያሉ ድርጅቶች የናሙና መውሰጃ ይሸጣሉ፤ እንደ ዓይነቱ ከ80 እስከ 200 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አምጥቶ ይዞት ይመለሳል። የውሻውን ጉንጭ ውስጡን በናሙና መውሰጃው ማሸት ብቻ ነው። ቡችላው ገና የሚጠባ ከሆነ ግን የእናቱ ህዋስ አፉ ውስጥ ስለሚኖር ውጤቱ ሊበላሽ ይችላል፤ ጡት እስኪተው ጠብቁ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ምርመራው የሚያወዳድረው በአብዛኛው ከፈረንጅ ዘሮች ናሙና ጋር ነው። የሀበሻ ውሻ ደግሞ የእነዚያ ዘሮች ቅልቅል አይደለም። የዛሬዎቹ ዘሮች አብዛኞቹ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በሰው ምርጫ ተለይተው የወጡ ናቸው፤ ጀርመን ሼፐርድ ራሱ በዘርነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። የመንደር ውሻ ከእነሱ በፊት ነበረ። አንዳንዶቹ ምርመራዎች ለዚህ «የመንደር ውሻ» የሚል ምድብ አላቸው፤ ይህ ምድብ ያለውን ምረጡ። የሌለው ምርመራ ውሻችሁን ሰምታችሁት በማታውቁት የፈረንጅ ዘር ከፋፍሎ ይልክላችኋል። ለክልስ ግን ይጠቅማል፤ አባቱ እውነት ጀርመን ሼፐርድ ከሆነ ግማሽ ገደማው ጥርት ብሎ ይወጣል። ብቻ ያን ጊዜ ገንዘቡ ተከፍሎ አልቋል።

ጠባይስ? «ክልስ ኃይለኛ ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ18,000 በላይ ስለሚሆኑ ውሾች ጠባይ ባለቤቶቻቸውን ጠይቆ፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን ደግሞ ዘረመላቸውን አንብቦ ነበር። በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዘር የሚገለጸው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። ለግቢ ጥበቃ ከሆነ የሀበሻ ውሻ አያንስም፤ ሌሊት በር ላይ ኮሽ ሲል ቀድሞ የሚነሳ እሱ ነው። (ኃይለኛ ይሆናል ብላችሁ ጆሮውን እንዳታስቆርጡት። ያሳምመዋል እንጂ ጠባዩን አይለውጥም።)

በወጪ ልዩነቱ ይታያል። ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ወደ አባቱ የሄደ ክልስም ብዙ ይበላል። ድርብ ጸጉሩ ለመጋቢትና ለሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት አይመችም፤ ጥላና ውሃ በደንብ ይፈልጋል። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘሩ የታወቀ ነው፣ ክልስም ሊወርሰው ይችላል። ቡችላውን አብልቶ ማወፈር ደግሞ ያባብሰዋል። የሀበሻው ሰውነቱ ቀለል ያለ፣ ጸጉሩ አጭር፣ አያያዙም ቀላል ነው። በፍርፋሪ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፦ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ህዋሱን ያፈርሳል። የወጥ ትርፍራፊያችን ደግሞ ሽንኩርት ነው፣ ጾምም ሆነ ፍስክ። እንጀራውን ሳይፈተፈት ስጡት፤ ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ካገኛችሁ ጨምሩበት።

ደላላ ቡችላ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ አንድ ወር ሳይሞላው ነው። ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ የተለየ አትቀበሉ። የሰፈሩን ውሻ ከወሰዳችሁ ግን ካደጉትም መምረጥ ትችላላችሁ፤ ጠባዩ የታወቀ ነው፣ ልጅ ሲቀርበው ምን እንደሚያደርግ ጎረቤት ይነግራችኋል። ሴት የሚወስድ ጥቂት ስለሆነ ጥሩ ጥሩዎቹ እዚያ ይቀራሉ፤ ሐኪም ካመከናት «ትወልድብኛለች» የሚለው ቅሬታ ያበቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሁለቱም ግዴታ ነው፤ በሦስት ወሩ ይጀመርና ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ይደገማል። ያልተከተበ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቀበሌ 14 ተከራይቶ ለሚኖር ሰው የሀበሻዋን እመርጣለሁ፤ ሽምብጥ ሰፊ ግቢና የምግቡ አቅም ላለው ክልሱም ያምርበታል። ግን ደላላው እናቲቱንም አባትየውንም ካላሳያችሁ፣ የምትገዙት የሀበሻ ቡችላ ነው ብላችሁ ተደራደሩ።