ደብረ ማርቆስ፣ እትዬ ቤት፦ ሳህኑ ሳይመጣ ጨጓራ ሥራ የሚጀምርበት ጥብስ ቤት

ማርቆስ ላይ ጥብስ የት ይበላል እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ እትዬ ቤት ነው። ቦርድ የለውም፣ ስልካችሁ ካርታ ላይም አትፈልጉት፣ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ትንሽ ወረድ ብላችሁ የጥብስ ቅጠልና የቅቤ ሽታ ሲያውዳችሁ በዛው መታጠፍ ነው፣ ካልሆነም የሰፈሩ ልጆች ያሳዩዋችኋል።

ጥብሱ አሪፍ ነው፣ ግን ጎጃም ውስጥ አሪፍ ጥብስ ብርቅ አይደለም። ይሄን ቤት የሚለየው ምድጃው በር ላይ መሆኑ ነው። እትዬ ሽንኩርቱንም ቃሪያውንም እዛው ፊትህ ነው የሚከትፉት፣ ሥጋው መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ቸስስ ሲል ትሰማለህ፣ ኮሰረት ያለበት ቅቤ ሲጨመርበትማ በቃ አፍህ ምራቅ ይሞላል። ሆዳምነት እንዳይመስልህ፣ ሰውነትህ ሥራ ጀምሮ ነው። ገና ምንም ሳትቀምስ ጭንቅላትህ ሽታውንም ድምፁንም መልኩንም ሰብስቦ ቫገስ በሚባለው ነርቭ በኩል (ከአንጎል ግንድ ተነስቶ ሆድ ድረስ የሚወርድ ረጅም ነርቭ ነው) ምግብ እየመጣ ነው ብሎ መልእክት ይልካል፣ ጨጓራም አሲዱንና ፔፕሲኑን (ሥጋውን የሚፈጨው ኢንዛይም ነው) ማመንጨት ይጀምራል፣ ጋስትሪን የሚባለው ሆርሞንም ይለቀቅና ያግዘዋል፣ ቆሽትም ኢንዛይሙን ጀመር ያደርጋል። ለአንድ ማዕድ ከሚመነጨው የጨጓራ አሲድ 30 በመቶ ገደማው የሚመጣው በዚህ በጭንቅላት ትእዛዝ ነው፣ ቀላል አይደለም እኮ!

ሩሲያዊውን ሳይንቲስት ፓቭሎቭን ሁላችንም የምናውቀው ደወል ሲሰማ ምራቁ በሚፈሰው ውሻው ነው፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ግን በምግብ መፈጨት ሥራው ነው። በዚህኛው ሙከራው ውሻው የበላው ምግብ ጨጓራ ሳይደርስ አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ግን የጨጓራው ፈሳሽ ይንዠቀዠቃል፣ ቫገሱን ሲቆርጡበት ደግሞ ያ ሁሉ ቀጥ ይላል። ምስኪን ውሻ፣ ለኛ እንኳን ዘግይቶም ቢሆን ጥብሱ ይመጣልናል።

በቅርብ የገባሁበት አንድ ዘመናዊ ነኝ የሚል ሬስቶራንት ደግሞ (ስሙ ይቅር) ኪችኑ ከኋላ ተደብቋል፣ ሜኑው ስልክ ላይ ነው፣ ቲቪው ይጮሃል፣ አስተናጋጁ ፊቱን ቋጥሮታል፣ ሂሳብ ላይ ደግሞ ያላዘዝነው ተጨምሮ ጭቅጭቅ። ምግቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ግን ሰው ሲናደድና ሲጨነቅ ምራቁ ይወፍራል አፉ ይደርቃል፣ የእንጀራው ስታርች ደግሞ መፈጨት የሚጀምረው አፍ ውስጥ፣ ምራቅ ውስጥ ባለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ እና በደረቅ አፍ ምን ይበላል? እትዬ ቤት ከገበያ የመጣ የማታውቀው ሰው እንብላ ይልሃል፣ እምቢ ብትል በሞቴ ብሎ ያጎርስሃል።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ገበያ ቀን ወረፋው አይጣል ነው። ሽታው ላይ በባዶ ሆድ ያን ያህል መቀመጥ ማለት አሲዱ መጥቷል ሥጋው አልመጣም ማለት ነው፣ አንዴ "እትዬ ኧረ ሆዴ ጮኸ" ብላቸው "ታገሥ ልጄ፣ ጥሬውን ላብላህ?" አሉኝ፣ ቤቱ በሳቅ ሞተ። ጨጓራ ያለባችሁ ግን የምር ገበያ ቀን አትሂዱ፣ ወይ ትንሽ ነገር ቀመስ አድርጋችሁ ሂዱ። (በነገራችን ላይ ሰው ጨጓራ የሚመጣው በብስጭት ነው ይላል፣ የጨጓራ ቁስለትን በዋናነት የሚያመጡት ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና አንዳንድ የህመም ማስታገሻ ኪኒኖች ናቸው። ቁስሉ አንዴ ካለ ግን አሲዱ በጥብስ ሽታም መጣ በምን ያው ያቃጥላል።)

ረቡዕና አርብ ምድጃው አይነድም፣ ሽሮ ብቻ ነው፣ ሽሮው ደግሞ እውነት ለመናገር ተራ ነው፣ የትም ታገኙታላችሁ። በፍስክ ቀን ከ8 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ወረፋው ይቀላል፣ ግማሽ ኪሎ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ አዋዜውን ግን ካልጠየቃችሁ አያመጡትም።