ባለቤቴን ሲጋራ ላስተወችልኝ ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ላላችሁ የጤና ባለሙያዎችና ለቤተሰቦቻችሁ ነው። ባለቤቴ ከከተማችን ሆስፒታሎች በአንዱ የአንስቴዥያ (የሰመመን) ባለሙያ ነው። ከተማሪነቱ ጀምሮ ያጨስ ነበር፤ አሁን ትቷል። የረዳችው እዚያው አብራው የምትሠራ ነርስ ናት። "አደራ፣ ስሜን እንዳትጽፊ" ስላለችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ።

"የጤና ባለሙያ ሆኖ እንዴት ያጨሳል?" ሲባል በየሰርጉና በየለቅሶው ሰምቻለሁ። ጠያቂው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን ያሸማቅቃል። ባለቤቴ የሲጋራን ጉዳት ከጠያቂዎቹ ሁሉ የበለጠ ያውቃል። የአጫሽ ሳንባ በሰመመን ጊዜ እንዴት እንደሚያስቸግር የሚያየው እሱ ነው። ኒኮቲን፣ ማለትም የሲጋራው ሱስ አስያዥ ነገር፣ የያዘው ሰው ግን ዲግሪ ስላለው አይለቀውም። የተሸማቀቀ ሰው ደግሞ ይደብቃል። እጁን ይታጠባል፣ ጋወን ይቀይራል፣ እርዳታ ግን አይጠይቅም።

ሲስተር የገባት ይሄ ይመስለኛል። አንዲት ጠባብ ክፍል ለምና አገኘች። የሚያጨሱ ባልደረቦቿን የምታነጋግረው ጠዋት፣ የሌሊት ተረኞች ሲወጡ ነው። ፈቃድ መጠየቅ የለም፣ ለአለቃ የሚደርስ ስም ዝርዝር የለም። ባለቤቴን መጀመሪያ የጠየቀችው "ከእንቅልፍህ ከተነሳህ በኋላ የመጀመሪያዋን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ውስጥ ታጨሳለህ?" ብላ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንክሯል ማለት ነው። ቀጥላ እያንዳንዷን ሲጋራ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንዳጨሳት እንዲጽፍ አደረገችው።

ወረቀቱን አብረን ስናየው ገረመኝ። ቤት ውስጥ የሚያጨሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው ረጅም ኦፕራሲዮን ሲያልቅ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲታገለው፣ ከቡና ጋር፣ እሁድ ደግሞ ጓደኞቹ ጋ ጫት ላይ ነው። ባሕር ዳር ጫት ከደጅ ነው፤ ቃሚ ደግሞ ሲጋራ ይፈልጋል። ሲስተር እዚህ ላይ አላባበለችውም። "ጫቱ ላይ እየተቀመጥክ ሲጋራውን አትተወውም" አለችው። እሁድ ከሰዓት አሁን ከልጆቻችን ጋር የጣናን ዳር ይዘን እንሄዳለን። ጓደኞቹ መጀመሪያ ተቀየሙ፤ አሁን አንዱ አብሮን ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ አጣ። ሲስተር ግን አስቀድማ ደውላ ነግራኛለች፦ ብስጭቱ የኒኮቲኑ ነው፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀንሳል፣ አትጨቅጭቂው። አምሮቱ ሲመጣም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ውኃ ይጠጣል፣ ቆሎ ይቆረጥማል፣ ኮሪደሩን አንድ ዙር ይዞራል። ተረኛ በሆነባቸው ሌሊቶች ትደውልለት ነበር። አንድ ታካሚ ባረፈበት ሌሊት አጨሰ። አልተቆጣችውም። "ከዚያ በፊት ምን ሆነ?" ብላ ጠየቀችው፣ ለእንደዚያ ያለ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ አብረው ጻፉ፣ ቀጠሉ። እኔ ብሆን ተስፋ እቆርጥ ነበር።

ሲጋራ ለማቆም የሚረዱት የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። እኛ ጋ ግን እንደልብ አይገኙም። ሲስተር ይህንን ለሚመጡት በግልጽ ነግራቸው በምክሩ ጀመረች።

ትርፉ ለእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ባለቤቴ አሁን ኦፕራሲዮን የሚጠብቁ ታካሚዎችን ያለ ሐፍረት ይጠይቃል፦ ታጨሳላችሁ? ከአራት ሳምንት በላይ አስቀድሞ ያቆመ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚገጥመው ችግር ይቀንሳል። ድሮ ይህን ጥያቄ ይሸሸው ነበር።

ለሆስፒታልና ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች አንድ ነገር ልለምን። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በጤና ተቋም ማጨስን ከልክሏል፤ ጥሩ ነው። ግን ግድግዳ ላይ "ማጨስ ክልክል ነው" ብሎ መለጠፍ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንንም አያግዝም። እንደ ሲስተር ላለ ሰው አንድ ክፍል ስጡ፣ ሰዓት ስጡ፣ የሚመጡትን ምስጢር ጠብቁላቸው።

ሌላ ተቋም የምትሠሩም ብትመጡ ደስ ይላታል፤ ክፍያ የለውም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ስማችሁ ከእኔም ከእሷም አይወጣም።