ቃር አልለቅ ላላችሁ፦ አንዲት ሐኪም ልጠቁማችሁ

ዛሬ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሜን በአደባባይ ላመስግናት። ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ኢንዶስኮፒዬ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የምግብ ቧንቧንና ጨጓራን የሚያዩበት ምርመራ) ንጹህ ሆኖ ሲወጣ ሌላ ቦታ «ምንም የለብዎትም» ተብዬ ነበር። ደረቴ ግን መቃጠሉን አልተወም። ዶክተሯ ውጤቱን አይታ መድኃኒት ለመጻፍ አልቸኮለችም። «ሲተኙና ሲያጎነብሱ ይብሳል? ጎምዛዛ ነገር አፍዎ ድረስ ይመጣል? ቶሎ ይጠግባሉ? ሲውጡ ምግቡ ደረትዎ ላይ ይቆማል?»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ የምግብ ቧንቧን የሚያቆስልበት ቃር አለ፤ ይሄ በኢንዶስኮፒ ይታያል። አሲዱ እየተመለሰ ቁስል የማይተውም አለ፤ እንዲያውም የሚበዛው ይሄኛው ነው። ሌላው ደግሞ የሚመለሰው አሲድ ከጤነኛ ሰው ሳይበልጥ ቧንቧው ትንሹም ነገር ቶሎ የሚሰማው ሆኖ የሚያቃጥለው ነው። ከአሲድ ጋር ጭራሽ የማይገናኝም አለ። ከእምብርት በላይ የሚያም፣ ቶሎ የሚያጠግብ፣ የሚነፋና የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ግን ጨጓራው ራሱ ይጠረጠራል፤ ያኔ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ መመርመር ያስፈልጋል። ችግሩ፣ ቃሩና የጨጓራው ሕመም አንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ።

የኔን ለመለየት የ24 ሰዓት የአሲድ ምርመራ አዘዘችልኝ። ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ ይውላል፣ ያድራል፤ ባቃጠለ ቁጥር ወገብ ላይ የታሰረውን መሣሪያ ቁልፍ መጫን ነው። «ዋጥ ያድርጉ፣ ዋጥ… ጎበዝ!» እያለ ያስገባልኝን ነርስም እጁን ይባርክልኝ። ደስ አይልም፣ ግን ይቻላል። አሲዴ ልከኛ ሆነ፤ ቁልፉን የተጫንኩባቸው ሰዓቶችም አሲዱ ከተመለሰባቸው ጋር አልገጠሙም። የኔ ከአሲድ ጋር የማይገናኘው ዓይነት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስወስደው የነበረውን ኦሜፕራዞል (አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) አስቆመችኝና የነርቭን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት በትንሽ መጠን ማታ ማታ ጀመርኩ። ቃሩ ድራሹ ጠፋ አልልም፤ እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

እኔን አይታችሁ ኦሜፕራዞል በራሳችሁ እንዳታቆሙ! ቁስል ያለበት ሰው ያስፈልገዋል፤ የሚወሰደውም ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። መዋጥ የሚያስቸግረው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ደም የሚያስመልስ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይታይ።

እሷ ዘንድ የምትሄዱ ደግሞ የወሰዳችሁትን መድኃኒትና የቀድሞ ውጤታችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድ ነው የምትጠይቀው።