የሌሊት ዘንዶ ፍለጋ በፍሎሪዳ፦ አስጎብኚው አሪፍ፣ ማስታወቂያው ውሸታም

ማያሚ ሄዳችሁ የሌሊት ዘንዶ ፍለጋ ላይ ብር ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ፣ የኔ መልስ «አውጡ» ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። ቅሬታም ስላለኝ የድርጅቱን ስም ትቼዋለሁ፤ ይህን ሥራ የሚሠሩት ደግሞ ብዙ ናቸው።

የሄድኩት በእህቴ ልጅ ውትወታ ነው። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ስለ እባብ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ማስታወቂያው ላይ አፉን የከፈተ ዘንዶ አለ፤ ከሥሩ «አጥንት የሚሰብር ንክሻ» ይላል። እኔም ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲወጋው የሚታየውን ደራጎን እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝና ለማመን አልተቸገርኩም።

አስጎብኚያችን ስልሳ የተጠጋ፣ ፀሐይ ያቃጠለው ሰውዬ ነው። መኪናው ሳይንቀሳቀስ የገዛ ድርጅቱን ማስታወቂያ አፈረሰው። ልጁ «ንክሻው ስንት ፒኤስአይ ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ሰውዬው ሳቀ። «ኢንተርኔት ላይ ያየኸውን ቁጥር እርሳው። የመጠምጠሙን ኃይል ከንክሻው ጋር ቀላቅለውት ነው። የንክሻ ጉልበት ከፈለግክ ቦዩ ውስጥ ያለውን አሊጌተር፣ የአዞውን ዘመድ፣ ጠይቅ» አለው። እውነቱን ነው። የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ግሪጎሪ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ የአንድ ትልቅ አሊጌተር ንክሻ ለክተው 2,125 ፓውንድ አግኝተዋል። ከ960 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ዘንዶ እዚህ ሰፈር ዝር አይልም።

ከዚያ ከፕላስቲክ ሳጥን የዘንዶ ራስ ቅል አወጣ። ለኔ የከፈልኩበት ዋጋ እዚህ ጋ ተመልሷል። ከላይ አራት ረድፍ ጥርስ፣ ከታች ሁለት። ባጠቃላይ መቶ ገደማ። መንጋጋ ጥርስ የሚባል ነገር የለውም። ሁሉም ቀጫጭን፣ ሹል፣ ጫፋቸው ወደ ጉሮሮ የታጠፈ። «ንካው» አለኝ። ጣቴን ከፊት ወደ ውስጥ ሳንሸራትት ምንም የለም። ወደ ውጭ ስመልስ ግን ቆዳዬን ጨመደደኝ። ቀጋ ውስጥ ገብቶ ልብሱን ለማስለቀቅ የታገለ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ በጎተትክ ቁጥር ይብስብሃል።

የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኙ ከፊት አልተጋጠመም። የሚያያይዘው የሚለጠጥ ሥጋ ነው። «ሲውጥ መንጋጋው ይወልቃል» የሚባለው ተረት ነው፤ የሚወልቅ ነገር የለም፣ ይለጠጣል እንጂ። የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲው ብሩስ ጄይን ከለካቸው ዘንዶዎች ትልቁ አፉን በስፋት 26 ሴንቲ ሜትር ከፍቷል። እንዲህ ለመከፈት የተሠራ አፍ ለመጨፍለቅ አይመችም። ጥርሱ ይዞ ያቆያል፣ ገዳዩ ሰውነቱ ነው። ያውም አብዛኞቻችን እንደምናስበው ትንፋሽ በማሳጣት ብቻ አይደለም። በ2015 የዲኪንሰን ኮሌጁ ስኮት ቦባክና ባልደረቦቹ ቦአ የሚባለው ሌላ ጠምጣሚ እባብ የጠመጠማቸውን አይጦች ለክተው፣ የደም ዝውውራቸው በሰከንዶች ውስጥ እንደሚወድቅ አሳይተዋል።

ፍለጋው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፒክአፑ በጠጠር መንገድ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ እናንተ ከኋላ ቆማችሁ በመብራት ታስሳላችሁ። የአሊጌተር ዓይን ቀይ ሆኖ ያበራል። የዘንዶ ዓይን አያበራም፤ የምትፈልጉት የቆዳውን ጌጥና ሳሩ መሐል ብልጭ የሚለውን ነገር ነው። ራኩን የሚባለውን ትንሽ አውሬ አንድም አላየንም። በ2012 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ኤቨርግሌድስ በሚባለው የደቡብ ፍሎሪዳ ረግረግ፣ ዘንዶዎቹ ለረጅም ጊዜ በኖሩበት ክፍል፣ መንገድ ላይ የሚታየው ራኩን በ99.3 በመቶ ቀንሷል። የበርማ ዘንዶ የእስያ እንስሳ ነው። እዚህ የመጣው በቤት እንስሳ ንግድ ነው፣ ከዚያ አንዳንዱ አመለጠ፣ አንዳንዱን ባለቤቶቹ ለቀቁት።

እኩለ ሌሊት አልፎ አንድ አገኘን። ከኔ ቁመት ትንሽ የሚበልጥ። በነሱ ደረጃ ሕፃን ነው አሉ፤ በ2023 የተያዘው 5.8 ሜትር ነበር። ሰውዬው ጅራቱን ይዞ ሲስበው ዞረና ክንዱን ነከሰው። የእህቴ ልጅ ጮኸ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ወደ መኪናው ነበር የሮጥኩት። ሰውዬው ግን ክንዱን አልጎተተም። የዘንዶውን ራስ ከኋላ ይዞ ወደ ራሱ ክንድ ገፋው፣ ጥርሶቹ ሲላቀቁ አነሣው። ከገባበት አቅጣጫ ካልወጣ ቆዳ ይቀደዳል፣ ጥርሱም ተሰብሮ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። ክንዱን በመብራት አሳየን። ጎን ለጎን የተደረደሩ የመርፌ ቀዳዳዎች፣ ከእያንዳንዱ ደም ይወርዳል። መርዝ የለውም። በሳሙናና በውኃ አጠበው፣ በፋሻ ጠቀለለው፣ አለቀ። ትልቁ ቢሆን መስፋት ይጠይቅ ነበር አለን።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የተያዘው ዘንዶ ይገደላል። መልሶ መልቀቅ በሕግ ክልክል ነው፤ የአገሩን እንስሳ የሚጨርስ መጤ ነውና ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ይህን ቀድሞ የነገረን የለም፣ ድረ ገጹ ላይም አልተጻፈም። ልጁ ከረጢቱ ሲታሰር «የት ነው የምትወስደው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው የሰማነው። እስከ ሆቴል አላናገረኝም። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቤታችሁ ሳላችሁ ንገሩት። ድርጅቱም ያንን የአጥንት ሰባሪ ወሬ አንሥቶ በቦታው ይህን ቢጽፍ ይሻለው ነበር።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ሽንት ቤት የለም። ውኃ ይሰጣሉ፣ ምግብ አይሰጡም። ትንኙ በሱሪ ላይ ይነክሳል፤ ወፍራም ሱሪ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅቡ። የፍሎሪዳ ሙቀት በሚበረታበት ወቅት ሂዱ፣ ሞቃት ሌሊት ነው ዘንዶ የሚወጣው። ስትመዘገቡ ደግሞ የራስ ቅሉን የሚያሳየውን ሽማግሌ ጠይቁ፤ ሌሎቹ አስጎብኚዎች ያንን ሳጥን ይዘው እንደማይወጡ ራሱ ነግሮናል።