የሰባት ቀን ዋስትና፣ የአምስት ሳምንት ረሃብ

ቤታችሁ የጨው ውሃ አኳሪየም ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ «እንግዛ» እያሉ የሚወተውቷችሁ፣ ይችን ሳታነቡ ማንዳሪን የሚባለውን ዓሣ እንዳትገዙ። በተለይ «ፓኬጅ» ተብሎ ከቀረበላችሁ። እኔ 126 ዶላር ከፍዬበታለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሳሎናችን ውስጥ 29 ጋሎን፣ ማለትም 110 ሊትር ገደማ የምትይዝ ታንክ አለችን። ድንጋይ፣ ትንሽ ኮራል፣ ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጎኑ ላይ ስድስት መስመር ያለው አንድ ቀልጣፋ ዓሣ። ቡና ሊጠጣ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ታንኪቱን ሲያይ የሚጠይቀኝ «ይበላል?» ብሎ ነው፣ «በ»ን አጥብቆ። አንዲት አክስቴ እንዲያውም ዓሣ በጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን የቆየ ክርክር እዚያው ቆመው አስነስተው ቡናው ቀዘቀዘ። «በ»ን አላልቶ «ይበላል? ምን ይበላል?» ያለኝ ሰው ግን የለም። እኔም ሻጩን የጠየቅኩት ለወጉ ያህል ነበር።

ሻጩ የኛው ልጅ ነው። ሱቁ የሱ ባይሆንም አማርኛ ሲናገር ልቤ ተከፈተ፤ ጥፋቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። «ጋሼ፣ አያስቡ፣ ያገኘውን ይበላል» አለኝ። ዓሣው 39 ዶላር። «ለጀማሪው እንዲሆነው» የተባለ አንድ ጠርሙስ ኮፔፖድ (በሕይወት ያለ ደቃቅ የዓሣ ምግብ) 25። አንድ ፓኬት የበረዶ ምግብ (በኩብ በኩብ የቀዘቀዘ ትንንሽ ሽሪምፕ) 12። ደረሰኙ ላይ የሰባት ቀን ዋስትና ተጻፈልኝ። ሰባት ቀን ሲለኝ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

ማንዳሪንን ላላያችሁት፣ ርዝመቱ ከጣት ብዙም አይበልጥም። ሰማያዊ ላይ ብርቱካናማና አረንጓዴ ይጠማዘዝበታል። የሰባት ዓመቷ ልጄ «የአያቴ ቀሚስ ይመስላል» አለችና ስሙን ጥለት አወጣችለት። ሰማያዊው ራሱ ጉድ ነው። የብዙ እንስሳት ሰማያዊነት የብርሃን ጨዋታ ሲሆን የዚህኛው ግን ቆዳው ውስጥ ያለ እውነተኛ ቀለም ነው። ቅርፊት ደግሞ የለውም፤ ገላው መጥፎ ጠረን ባለው ልጋግ የተሸፈነ ነው። ቅርፊት እንደሌለው ስነግራቸው አክስቴ ጉዳዩን ባንዴ ዘጉት፦ «አይበላም!» እሳቸው አጥብቀው ነው ያሉት። ላልቶም እንደሚያስኬድ የገባኝ በኋላ ነው።

ይሄ ዓሣ የምዕራብ ፓስፊክ ልጅ ነው፣ ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች እስከ አውስትራሊያ። እዚያ ቀኑን ሙሉ በኮራል ስብርባሪ መሃል ቀስ እያለ ይዘዋወርና ኮፔፖድ ይለቅማል። ኮፔፖድ ማለት ቁንጫ የሚያክሉ፣ ከዚያም የሚያንሱ የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው። ዶሮ ጥሬ ስትለቅም አስቡት፣ ግን ከንጋት እስከ ማታ። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ አንዴ ጠግቦ አይውልም። ከባሕር የተያዘ ከሆነ ደግሞ የማይንቀሳቀስን ነገር ብዙውን ጊዜ እንደ ምግብ አይቆጥረውም።

እንግዲህ የሰባት ቀኑን ተንኮል ተመልከቱት። ዓሣው አዲስ ታንክ ሲገባ ድንጋዩ ላይ ትንሽ ኮፔፖድ አይጠፋም። በዚያ ላይ ደግሞ ያ ጠርሙስ ይጨመራል። ስለዚህ ጥለት የመጀመሪያውን ሳምንት ሲለቅም ዋለ። እኔም ለሻጩ ቪዲዮ ልኬ አመሰገንኩ! በሁለተኛው ሳምንት ድንጋዩ ባዶ ሆነ። ኮፔፖድ አድጎ እስኪራባ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ዓሣው ደግሞ እናቶቹን በልቶ ጨርሷል። ስድስት መስመሩ ዓሣም ያንኑ ስለሚበላ ሽሚያ ነበር። ዋስትናው ግን በስምንተኛው ቀን ሞቷል። እነሱ ዋስትና የሰጡኝ ለዓሣው ሳይሆን ከባሕር ይዞት ለመጣው ስብ ነው።

የበረዶውን ምግብ እንዴት እንደሞከርኩ ልንገራችሁ። አንዷን ኩብ በታንኩ ውሃ አሟሙቼ፣ አጥልዬ፣ በረጅም ስሪንጅ አፍንጫው ሥር አደርስለታለሁ። ዓይኖቹን ወዲያና ወዲህ ያንከባልልና ያየዋል። ሽሪምፗ አጠገቡ ታርፋለች። ጠጋ ይላል፣ ያሸታታል መሰለኝ፣ ዞር ይላል። በዚህ መሃል ክላውንፊሾቹ መጥተው ላፍ ያደርጓታል። በቀን ሦስት ጊዜ ይሄው ነው። የተረፈው ድንጋይ ሥር በሰበሰና የውሃው ናይትሬት፣ ማለትም ከብስባሽ የሚመጣው ብክለት፣ ከ10 ወደ 40 ወጣ። መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ።

ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ይነድፈዋል ይባል የለ፣ አንዴ ሳያይ አንዴ ሲያሳይ። ተመልሼ ሄድኩና ሁለት ጠርሙስ ኮፔፖድ በ50 ዶላር ገዛሁ። የተቀመጡት ባንኮኒው ላይ፣ መስኮት አጠገብ ነበር። ቀን አልተጻፈባቸውም። ቤት ስደርስ ጥቂት ነጭ ስኒ ላይ አፍስሼ የስልኬን መብራት አበራሁበት። ሕይወት ያለው ኮፔፖድ እንደ ነጥብ ሆኖ ፈንጠር ፈንጠር ይላል። ቆጠርኩ። ሦስት። ሁለተኛው ጠርሙስ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። ይሄን የስኒ ፍተሻ ሱቁ ውስጥ፣ ሳትከፍሉ አድርጉት። እምቢ ካሉ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከጭንቅላቱ ጀርባ ያለው ሥጋ ሰረጎደ። ከላይ ስታዩት ጭንቅላቱ ሰፍቶ ገላው ጠበበ። አንድ ወዳጄ አርቴሚያ (ሽሪምፕ መሳይ ደቃቅ የጨው ውሃ እንስሳ) ከእንቁላል ፈልፍል ብሎ መከረኝና የለስላሳ ጠርሙስ ቆርጬ፣ ገልብጬ፣ ጨው ውሃ ሞልቼ፣ አየር እየነፋሁበት በማግስቱ ብርቱካናማ ጫጩቶች አወጣሁ። እነሱን በላ! ልጄ ጨፈረች። ግን አልደረሰም። በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ፓምፑ ሥር ተኝቶ አገኘነው። ልጄ ቀስቅሰው አለችኝ።

ሱቁ ስሄድ «ውሃዎን ያምጡ» ተባልኩ። ናይትሬቱን ለኩ። «ይኸው ጋሼ፣ ውሃዎ ነው የገደለው።» እነሱ አብላው ብለው የሸጡልኝ ምግብ ያበላሸው ውሃ በኔው ላይ ማስረጃ ሆነ።

ዓሣውን በደፈናው አትግዙ አልልም። ዓመት የሞላው፣ ድንጋዩ የበዛ፣ ለኮፔፖድ መራቢያ አልጌ ያለበት የተለየ ክፍል የተሠራለት ትልቅ ታንክ ያለው ሰው ሊያኖረው ይችላል። የኔዋ ታንክ ስገዛው አራት ወሯ ነበር፤ ይሄን ለሻጩ ነግሬዋለሁ። ታንክ ውስጥ ተፈልፍሎ ያደገም አለ። ፍሎሪዳ ያለው ኦራ የተባለ ማርቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ ያሉትን ማውጣት ጀምሯል። ዋጋቸው ይጨምራል፣ የሞተ ምግብ መልመዳቸው ግን የተሻለ ነው። የባሕር ነው ወይስ የታንክ? ይሄን ጠይቁና ደረሰኙ ላይ ያጽፉላችሁ። ከሁሉም በላይ ግን ፊታችሁ ያብሉት። በስልካችሁ ቅረጹ። ሲውጥ ካላያችሁ ካርዳችሁን አታውጡ።

ያው ሱቅ ሰን ኮራል የሚባለውን ብርቱካናማ ኮራልም «ብርሃን ይበቃዋል» ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር። ብዙ ኮራል ብርሃን ይመግበዋል፣ ያኛው ግን ስሙ ፀሐይ ይሁን እንጂ ከፀሐይ የሚያገኘው ምግብ የለም። አበባ አበባ የሚመስሉትን አፎቹን እያንዳንዳቸውን ማጉረስ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ሥራ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ለጨው ብዬ በዚያ በኩል ሳልፍ ገባሁ። ሌላ ማንዳሪን አለ፣ ዋጋው 49 ደርሷል። መለያው ላይ «ለጀማሪ ምቹ» ይላል። ልጁን ጠራሁትና «እስቲ አሁን አብላልኝ፣ ልየው» አልኩት። ኩብ አሟሙቶ ጨመረለት። ዓሣው ዓይኑን አንከባለለ፣ ሽሪምፗን አያት፣ ዞረ።

«ጠዋት በልቶ ነው ጋሼ» አለኝ።