ለሚያመው እጅ፦ ወፍራም ገመድ ወይስ የወገብ ቀበቶ?

የጣት ቁርጥማት ያለበት ሰው በለገጣፎ ወይም በየካ አባዶ ኮረኮንች መንገድ ላይ ውሻውን ሲያንሸራሽር የሚቸገረው በርቀቱ ሳይሆን በመጨበጡ ነው፤ ቀጭን ገመድ ጣቶችን አጥብቆ ማጠፍን ይጠይቃልና።

ወፍራም ገመድ፦ ወጪው አነስተኛ ነው። በተራ ገመድ ጫፍ ላይ አሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ መስፋት ብቻ እጀታውን ስለሚያወፍረው፣ ጣት ሙሉ በሙሉ ሳይታጠፍ ይያዛል። ውሻው በድንገት ቢፈተለክም መልቀቅ ይቻላል፤ ገመዱን በጣት ላይ መጠምጠም ግን (ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው) አንጓን ክፉኛ ይጎዳል።

የወገብ ቀበቶ፦ ባለቤቱ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው፣ የውሻው ገመድ የሚያያዝበት ቀበቶ ነው፤ ጉተታውን ወደ ዳሌ ስለሚያዛውረው እጅ ያርፋል። ሆኖም ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከየጥጉ ብቅ በሚሉበት ሰፈር፣ ይልቁንም በክረምት ጭቃ፣ ጉልበተኛ ውሻ ባለቤቱን ሊጥለው ይችላል። መቆለፊያውም ሰፊ ካልሆነ፣ ጣት በሚደርቅበት ማለዳ እርሱን መክፈት ራሱ ፈተና ነው።

ውሻው ትንሽና ረጋ ያለ፣ ባለቤቱም እግሩ የጸና ከሆነ ቀበቶው ይመቻል። ትልቅ የግቢ ጠባቂ ውሻ ላለው፣ ወይም ጉልበቱንም ለሚያመው አረጋዊ፣ ወፍራሙን ገመድ ከደረት ማሰሪያ ጋር ማጣመር ይሻላል፤ ገመዱ ከውሻው ደረት ፊት ለፊት ሲያያዝ፣ ውሻው በጎተተ ቁጥር ወደ ጎን ስለሚዞር ኃይሉ ይቀንሳል።