«ቤትዎን አሳምረን እናሻሽጥልዎ» የሚል ውል ከመፈረማችሁ በፊት

የሚሸጥን ቤት ለገዥ እንዲያምር በኪራይ ዕቃ የሚያስጌጡ ሰዎች አሉ። የዕቃው ኪራይ «ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ» በየቀኑ የሚቆጠርበትን ውል አትፈርሙ። እኔ ፈርሜ 48 ቀን ተቆጠረብኝ። በቀን 1,800 ብር ሒሳብ 86,400 ብር ማለት ነው። ለቀለምና ለግድግዳ ወረቀት የከፈልኩት 70,000 ብር፣ ለዕቃው ያስያዝኩት 40,000 ብር በዚህ ውስጥ የለም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤቱ አልተሸጠም።

ቤቱ በማኅበር የተሠራ ነው፤ ከአያት የባቡር መጨረሻ ታክሲ ይዞ ወደ ጣፎ አቅጣጫ ይኬዳል። በግንቦት ለደላላ ስነግር «ባዶ ቤት ገዥ አይስብም» ብሎ አንድ ቤት አሳማሪ ይዞልኝ መጣ። ሰውየው ጨዋ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ሻዩን አመስግኖ ጠጣ፣ ከዚያ በስልኩ ነጫጭ ሶፋዎችን እያሳየ ዋጋው ላይ ግማሽ ሚሊዮን እንደሚያስጨምርልኝ ነገረኝ። ውሉን በዚያው ምሽት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን ፈረምኩ።

ሥራው ሲጀመር ነው ዘዴው የገባኝ። መኝታ ቤቶቹ ውስጥ ያስገቡት አልጋ ሁሉ ስፋቱ 1.20 ሜትር ነው፤ ክፍሉ ሰፊ እንዲመስል። የልብስ ቁም ሣጥን አንድም የለም። ሳሎኑን ከጥግ ሆነው ሲያነሡት አዳራሽ አከለ። ፎቶውን አይታ የመጣች ሴት በሩ ላይ ቆማ «ያኛው ሳሎን የቱ ጋ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የምገባበት ጠፋኝ። በማግስቱ ሌላ ገዥ ሜትር ይዞ መጣ፤ ክፍሎቹን ለክቶ ሳይገዛ ሄደ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የአንዱ መኝታ ቤት ግድግዳ ከአሸንዳው በታች እርጥበት ነበረበት። አውቀዋለሁ፣ በየክረምቱ ቀለሙ እየተነፋ ይረግፋል። ለሰውየው አሳየሁት። «ይህ ቀላል ነው እትዬ፣ ወረቀት እንለጥፍበታለን» አለኝ። ሻጋታውን በሳሙና ጠራርገው፣ ስቱኮ አልብሰው፣ አበባ ያለበት ወረቀት ለጠፉበት። አምሮ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በሰኔ መጨረሻ ባልና ሚስት አይተው ወደዱት፤ በዋጋ ተስማምተን 100,000 ብር ቀብድ ተቀበልኩ። በሐምሌ አጋማሽ የሚስቲቱን አጎት ይዘው ተመለሱ። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ ናቸው። ሶፋውን ዘወር ብለው አላዩትም። ቀጥታ ወደዚያ ክፍል ገቡ፣ ግድግዳውን በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉ፣ ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ጣታቸው ሰመጠ። «ልጄ፣ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ውሃ አለ» አሉኝ። ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ ምነው በጮኹብኝ።

ገዥዎቹ ቀብዳችንን ሲሉ ደላላውም አሳማሪውም አንድ ላይ «እንዳይመልሱ፣ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው» አሉኝ። የሕግ ባለሙያ ጠየቅኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ነገር ግን ጉድለትን አውቆ በወረቀት የሸፈነ ሻጭ በዚህ አንቀጽ ልደገፍ ቢል ገዥው አታለለኝ ብሎ ውሉን ለማፍረስ ፍርድ ቤት ሊያቆመው ይችላል። ገዥዎቹ የሚከስሱት ወረቀቱን የለጠፈውን ሳይሆን ሻጯን፣ እኔን ነው። በማግስቱ መለስኩላቸው።

ከዚያ ሐምሌ 20 ቀን ዕቃቸውን እንዲወስዱ ነገርኳቸው። እዚህ ላይ የውሉ ብልሃት ግልጽ ይሆናል፦ ቤቱ በቶሎ ቢሸጥ ሰውየው የሚያገኘው ጥቂት ነው፣ ቢቆይ ግን በየቀኑ ይከፈለዋል። ታዲያ ለምን ይቸኩላል? ሲረከቡ ደግሞ ሶፋው ላይ እድፍ አገኘን ብለው ማስያዣዬን ያዙ። ዕቃው ሲገባ በፎቶና በዝርዝር አልተረካከብንምና የምከራከርበት ማስረጃ የለኝም።

በጥቅምት ፀሐዩ ሲወጣ አሸንዳውን አስከፈትኩ፤ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ቅጠል ጠቅጥቆት ነበር። ውሃው መውረጃ አጥቶ ወደ ግድግዳው ይፈስስ የነበረው ለዚህ ነው። ወረቀቱን አስገፈፍኩ፣ ልስኑን እስከ ብሎኬቱ አስፈለፈልኩ፣ ሦስት ሳምንት መስኮት ከፍቼ አደረቅኩት፣ ከዚያ አስለስኜ ነጭ ቀለም አስቀባሁ። የውጭውን በር ቀለም፣ አዳዲስ አምፖሎችንና የሽንት ቤት ክዳኑን ጨምሮ 23,000 ብር ፈጀ። ትልቁን ቡፌ እኅቴ ቤት አስቀመጥኩ፣ መጋረጃውን አጠብኩ። ቡና ማፍላት ገዥ ይስባል ያሉኝም ነበሩ፤ እኔ ግን ጎረቤቴ ስትመጣ ካልሆነ አላፈላሁም።

በኅዳር የገዙት ሰዎች የጠየቁኝ ይህን ነው፦ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታንከሩ ስንት ሊትር ይይዛል? ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳና እገዳ አለበት ወይ? ስለ መጋረጃው ቀለም የተናገረ የለም። የግድግዳውን ታሪክ እኔው ቀድሜ ነገርኳቸው፤ ከዋጋው ትንሽ አስቀነሱኝ፣ ተስማማን።

ማስያዣዬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሶፋውን ግን ባለፈው ሳምንት በሌላ የሚሸጥ ቤት ፎቶ ላይ አየሁት፤ የክንዱ ስፌት ላይ ያለችው የተጣፈች ቦታ ሳትቀር። አጉልቼ ፈለግኩ፣ እድፍ የለበትም።